ከጎጃም ሮኬት ይነሣል? ምስጢሩን ማን ይጠብቅ፣ ጉድለቱንስ ማን ያውጣ?

ጮቄ_ማዶ
ሰኞ ማታ 2፡15

ሁለት ሳተላይት አምጥቀናል። ኢትአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 2012 ከታይዩዋን ወጣች፣ ሁለተኛዋና ትንሿ በዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ከዌንቻንግ ተከተለቻት። ሁለቱንም የተሸከመው የቻይና ሮኬት ነው። አሁን ክርክሩ «የራሳችንን መቼ እንሠራለን?» ወደሚለው ዞሯል።

እኔ ሮኬት የሚሠራ ቤት «ይቺ ማሰሪያ ልክ አይደለችም» የሚለውን ሰው መስማት ካልቻለ ባይጀምር ይሻላል ባይ ነኝ። ሌላው ወገን ደግሞ እንዲህ ያለ ቤት በሩ ተዘግቶ፣ ስልኩ ተጠልፎ፣ ሠራተኛው በዓይን እየተጠበቀ ካልሆነ ባላንጣ ይመዘብረዋል ይላል። ሁለቱንም በማስረጃ እንየው። ዓመቱን በፈረንጅ ጻፉ፣ የአገራችንን አዋጅና ወር ስትጠቅሱ ግን በኛው። ፖለቲካውን በጥሬው የሚያራግብ ሌላ ክር ይክፈት።

ባለሚዛን
ሰኞ ማታ 3፡02

ከቁጥሩ ልጀምር።

ምሕዋር የሚገባ ሮኬት የአየሩን ግፊያና የስበቱን ኪሳራ ጨምሮ በሰከንድ 9.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ማጠራቀም አለበት። ከአፈሙዙ የሚወጣው ጋዝ በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር ቢከንፍ፣ ሩሲያዊው ጺዮልኮቭስኪ በ1903 ባሳተመው ስሌት የመነሻው ክብደት የመድረሻውን 23 እጥፍ ይሆናል። ከ100 ኪሎ 96ቱ ገደማ የሚነደውና የሚያነደው ነው፤ በቀሪዋ 4 ኪሎ ታንኩም፣ ሞተሩም፣ ሽቦውም፣ ሳተላይቱም ይብቃቁ ማለት ነው። በአንድ ወጥ አካል አይሞከርም፤ ባዶ የሆነውን ደረጃ እየጣሉ መሄድ የመጣው ከዚህ ነው።

ትንሹ ስንት ነው ለሚል፦ ጃፓኖች በፌብሩዋሪ 2018 9.5 ሜትር ርዝመትና 2.6 ቶን ክብደት ባለው ኤስኤስ-520 ሮኬት 3 ኪሎ የምትመዝን ሳተላይት ምሕዋር አስገብተዋል። በፊተኛው ዓመት የተኮሱት ግን ከተነሣ 20 ሰከንድ ሳይርቅ መረጃ መላኩን አቆመ። የተጠረጠረው በንዝረት ልባሱ ተልጦ እርስ በርሱ የተነካካ ሽቦ ነው። የሚሆነውን ማየት ስላልቻሉ ሁለተኛውን ደረጃ ሳያቀጣጥሉ ባሕር ውስጥ ጣሉት። አንድ ሽቦ! ጃፓን የጀመረችው በ1955 እርሳስ በምታክል፣ 23 ሳንቲ ሜትር በሆነች፣ በአግድም በተተኮሰች ሮኬት ነው። ከዚያ በላምዳ 4ኤስ አራት ጊዜ ከሽፎባት በ1970 በአምስተኛው ተሳካላት።

ወደ ጎጃም ስንመጣ፦ ደብረ ማርቆስ 10.3 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች የመሬት መሽከርከር ወደ ምሥራቅ ለሚተኮስ ነገር በሰከንድ 457 ሜትር ይመርቃል፤ የሶቪየቶች መተኮሻ የነበረችው ባይኮኑር 46 ዲግሪ ላይ ሆና የምታገኘው 323 ነው። የአየሩ ግፊትም ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛው ገደማ ስለሆነ የሚገፋው ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ግን አንዷን ጥያቄ አይመልስም፤ የተጣለው ደረጃ የት ይውደቅ? ከደብረ ማርቆስ እስከ ቅርቡ የባሕር ዳርቻ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መሐሉ ወሎ ነው፣ አፋር ነው። ጣሊያኖች ኬንያ ማሊንዲ ፊት ለፊት መድረካቸውን ባሕር ላይ የተከሉት፣ ፈረንሳይም በ1965 የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከአልጄሪያው ሐማጊር በረሃ ያስወነጨፈችው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የምሕዋሩን ነገር እንተወው። ወጥቶ የሚመለስ የመመርመሪያ ሮኬት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የመግነጢስ ወገብ የሚባለው መስመር በአገራችን ያልፋል፤ ጎጃም ከሱ የምትርቀው በጥቂት ዲግሪ ነው። ቀን ቀን ከዚህ መስመር በላይ 105 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከባድ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። ፊኛ እዚያ አይደርስም፣ ሳተላይት እዚያ ዝቅ ብሎ አይቆይም፤ በአካል ገብቶ የሚለካው ሮኬት ብቻ ነው። ህንድ ለመተኮሻ ቱምባ የምትባለውን መንደር የመረጠችው መስመሩ በላይዋ ስለሚያልፍ ነበር፤ በኖቬምበር 1963 የመጀመሪያውን ተኮሰች፣ ዕቃው በብስክሌት ሲጓጓዝ የሚያሳየው ፎቶ ዛሬም አለ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ዋሸራ ብሎ የሰየመው የጂኦስፔስና ራዳር ላቦራቶሪ አለው፤ ይህን ሰማይ ከመሬት ሆኖ የሚያዳምጥ ሰው አለን ማለት ነው።

ጊዮን_ዳር
ሰኞ ማታ 3፡20

ማዳበሪያ በወቅቱ ለማድረስ የሚያቅት አገር ሮኬት 🙂

ባለሚዛን
ሰኞ ማታ 3፡31

@ጊዮን_ዳር ወንድሜ፣ ቀልድህ ልክ ነው፣ መደምደሚያህ ግን አይደለም። የመስኖን ካርታና የዝናብን ትንበያ ከማን ነው የምንገዛው?

ማኅደር_ቡሬ
ሰኞ ማታ 3፡48

@ባለሚዛን የዘለልከው አለ። 100 ኪሎ ሜትር ወጥቶ የሚወርድ መሪ የሌለው ሮኬት በነፋስና በአፈሙዝ መዛባት ብቻ ከታለመለት ቦታ ብዙ ኪሎ ሜትር ይስታል። ከቡሬ እስከ ዳንግላ ያልታረሰ፣ ከብት ያልተሰማራበት መሬት የት አለ? ቱምባ እኮ ፊቷ የዓረብ ባሕር ነው። ጎጃም ላይ የሚሆነው ሞተሩን አስሮ መሞከር ነው፤ ከኮንክሪት ጋር የታሰረ ሞተር፣ የግፊት መለኪያ፣ የሙቀት መለኪያ፣ የሚመዘግብ ኮምፒውተር። ሮኬቱ ባይነሣም ከሚማሩት ነገር አብዛኛው እዚያ ነው።

ባለሚዛን
ሰኞ ማታ 3፡55

ተቀብያለሁ እህቴ። መተኮሻው ሌላ ቦታ፣ መፈተሻው እዚህ ይሁን።

የማማው_ልጅ
ማክሰኞ ጠዋት 1፡10

ስለላውን ልያዝ፤ ምክንያቱም ሮኬትና ስለላ በዚህ አካባቢ የተጋቡት ዛሬ አይደለም።

አሜሪካኖች አስመራ ላይ የነበራቸው ቃኘው ጣቢያ የሬዲዮ ማስተላለፊያ ብቻ አልነበረም። ከ1965 እስከ 1975 ስቶንሃውስ የሚባል ክፍል ነበረው፤ አንዱ 26 ሜትር፣ ሌላው 46 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ሳህን አንቴናዎች። ሥራው የሶቪየት መንኮራኩሮች ከጠፈር ወደ ምድር የሚልኩትን መጥለፍ ነበር። ለምን አስመራ? ሶቪየቶች ትእዛዝ የሚሰጡት ከክሪሚያ ነው፤ መንኮራኩሩ መልስ የሚልከው ደግሞ ክሪሚያ ፊት ለፊት ስትሆን። አስመራ በኬንትሮስ ከዚያ ብዙም አትርቅ፤ ክሪሚያ የምታየውን እሷም ታያለች። ከባሕር ጠለል 2300 ሜትር ገደማ ከፍ ማለቷም ለአንቴና ተጨማሪ ነው። ባሕር ዳርን በካርታ ፈልጓት፣ 37 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ናት፤ ለዚያ ሥራ እኩል ትመች ነበር።

ከዚያ 2017 ላይ፣ ለአሜሪካው የጠለፋ መሥሪያ ቤት ለኤንኤስኤ ይሠራ የነበረው ስኖውደን ካወጣቸው ሰነዶች ውስጥ ስለኛ ያለው ታተመ። ኤንኤስኤ በ2002 አዲስ አበባ ላይ «የአንበሳ ኩራት» ብሎ የሰየመው የጠለፋ ማዕከል አቋቁሟል፤ በ2005 ስምንት አሜሪካዊና 103 ኢትዮጵያዊ ይሠሩበት ነበር። ጎንደርና ድሬዳዋ ላይም ቅርንጫፍ ነበረው። ስምምነቱ ቀላል ነው፤ መሣሪያውና ሥልጠናው ከነሱ፣ ቋንቋውና ቦታው ከኛ። አፍሪካ ኅብረትም አለ። በጃንዋሪ 2018 የፈረንሳዩ ጋዜጣ ለ ሞንድ እንደዘገበው ከ2012 ጀምሮ ለአምስት ዓመት ሌሊት ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ከሕንጻው ሰርቨር ብዙ መረጃ ወደ ሻንጋይ ይፈስስ ነበር። ቻይና አስተባብላለች። የተነቃው ግን ሰው በተኛበት ሰዓት የኔትወርኩ ፍሰት ስለናረ ነው፤ ይህን ግራፍ ማንም የኔትወርክ ሠራተኛ ማየት ይችላል፣ ካየ።

ወደ ውስጥ ስንመለስ ሦስት ነገር በአደባባይ የተመዘገበ ነው። በ2013 የካናዳው የምርምር ቡድን ሲቲዝን ላብ ፊንስፓይ የሚባለው የስለላ ሶፍትዌር የግንቦት 7 አባላትን ፎቶ ማጥመጃ አድርጎ እንደሚመጣ አሳየ። ፋይሉ ሥዕል ይመስላል፣ ሲከፈት ሥዕሉም ይታያል፣ ከጀርባው ግን ፕሮግራም ይጫናል። በዓመቱ መጨረሻ የኢሳት ጋዜጠኞች ላይ የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም ምርት ተሞከረ፤ ኩባንያው ራሱ በ2015 ተሰብሮ 400 ጊጋባይት ጓዳው ወጣ። በ2017 ደግሞ የእስራኤል ኩባንያ ምርት ነው የተገኘው፤ «አዶቤ ፍላሽ ፕሮግራምህን አድስ» ብሎ ይመጣል። ያጋለጠው የሰላዮቹ ስንፍና ነበር፤ ማዘዣ ሰርቨሩ ላይ የማንን ኮምፒውተር መቼ እንዳገኙ የሚዘግብ ፋይል ለማንም ክፍት ትተውት ተገኘ።

አሁን @ጮቄ_ማዶ ላነሣኸው፦ ይህ ሁሉ ገንዘብና ጉልበት ከወጣበት ውስጥ አንድ የጠፋ የምሕንድስና ሥዕል የያዘ የለም። ኢላማው ጋዜጠኛ ነበር።

ዘብ_አደር
ማክሰኞ ጠዋት 4፡40

ስድብ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ፤ ሆኖም አንድ ሰው መናገር አለበት።

ሳተላይት የሚያወጣ ሮኬት አናቱ ላይ ያለውን ብትቀይረው ሚሳይል ነው። አሜሪካና ጓደኞቿ በ1987 የሚሳይል ቴክኖሎጂ መቆጣጠሪያ ስምምነት ሲያወጡ መስፈርቱን 500 ኪሎ ጭነት፣ 300 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያሰመሩት ለዚህ ነው። ከዚህ በላይ የሚሠራ አገር ዕቃ መግዛት ይከብደዋል፣ ባንኩ ሊጠየቅ፣ ተማሪው ቪዛ ሊከለከል ይችላል። ስለዚህ መንግሥት ምን እየገዛ እንደሆነ፣ የትኛው ባለሙያ የት እንደደረሰ ቢደብቅ መብቱ ብቻ ሳይሆን ግዴታው ነው። የሞተር ሥዕል ይዞ ኢምባሲ የሚገባውን ሰው «አጋላጭ» ብላችሁ ልትሸልሙት ነው? በኛ ቋንቋ ስሙ ባንዳ ነው። ክትትል ከሌለ ደግሞ እሱን በምን ታገኘዋለህ?

ወርቁን_ፈላጊ
ማክሰኞ ከሰዓት 8፡25

@ዘብ_አደር ጋሼ፣ ጥያቄዎ ጨዋ ነውና በጨዋ ልመልስ። ሥዕል የሚሸጥ ሌባ አለ፣ መያዝም አለበት። ታሪኩ ሲታይ ግን ሮኬት የሚሠሩ አገሮች በስለላ ስም ከሌባው ይልቅ ዋናውን ባለሙያ ሲያሳድዱ ይገኛሉ። ሁለቱን ብቻ።

ቻይና የተወለደው ቺየን ሹሴን ካሊፎርኒያ ውስጥ የጀት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነው። በ1950 ኮሚኒስት ነህ ተብሎ የምስጢር ፈቃዱ ተነጠቀ። አገሩ ሊገባ ዕቃውን ሲጭን ጉምሩክ 800 ኪሎ የሚሆን ወረቀቱን ያዘበት፤ የምስጢር ኮድ የመሰላቸው ገጽ ሲመረመር የሎጋሪዝም ሠንጠረዥ ሆኖ ተገኘ። በኛ አነጋገር ሰሙን ሳያውቁ ወርቅ ፍለጋ ገቡ። አምስት ዓመት በቁም እስር አቆይተው በ1955 ወደ ቻይና ሰደዱት። በ1970 ቻይና የመጀመሪያ ሳተላይቷን አመጠቀች፤ ፕሮግራሙን የመሠረተው እሱ ነበር። የኛን ሁለት ሳተላይቶች ያወጣው ሮኬት የዚያው ቤት ልጅ ነው። አሜሪካ አንድ ሰው ጠርጥራ የሆነውን እዩት።

ሁለተኛው ናምቢ ናራያናን ነው፤ ህንዳዊ። ቪካስ የሚባለውን የፈሳሽ ነዳጅ ሞተር የመራ፣ በ1994 ደግሞ እጅግ በቀዘቀዘ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን የሚሠራውን ሞተር ፕሮጀክት ይመራ የነበረ ሰው ነው። በኖቬምበር 1994 ምስጢር ሸጠሃል ተብሎ ታሰረ፤ 50 ቀን። የፌዴራሉ ምርመራ ቢሮ በ1996 ክሱ መሠረት የለውም ብሎ ዘጋው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 5 ሚሊዮን ሩፒ እንዲከፈለው ፈረደ። ህንድ በራሷ የሠራችው ያ ዓይነት ሞተር ሠርቶ ምሕዋር የደረሰው በ2014 ነው። ዕድሜውን ያሳጠረው ወይም ያረዘመው የአንድ ሰው መታሰር ብቻ አይደለም፤ የሩሲያ ውል መበላሸትም አለበት። ግን ቡድኑ መሪውን ሲነጠቅ የቀረው ሰው ምን ይማራል? ዝም ማለትን።

ዘብ_አደር
ማክሰኞ ከሰዓት 9፡03

የናምቢው ልክ ነው፤ ያ የክትትል ጥፋት ሳይሆን የመርማሪ ስንፍና ነው።

ወርቁን_ፈላጊ
ማክሰኞ ከሰዓት 9፡10

መርማሪውን የሚጠይቅ ፍርድ ቤት ስለነበረ ነው ስንፍና መባሉ የታወቀው።

ማኅደር_ቡሬ
ማክሰኞ ማታ 1፡35

«አጋላጭ» ሲባል ሁላችሁም ሰነድ ይዞ የሚሮጥ ሰው ነው የታያችሁ። በሮኬት ቤት ውስጥ አጋላጭ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጎማ የሚጨቀጭቅ መሐንዲስ ነው። የአሜሪካዋን መንኮራኩር የቻሌንጀርን አደጋ በዝርዝር ልጻፈው፣ ምክንያቱም ሁሉም «ጎማው ቀዘቀዘ» ብሎ ነው የሚያልፈው።

የጎን ሮኬቱ 3.7 ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ሲሆን በቁርጥራጭ ተሠርቶ መተኮሻው ቦታ ላይ ይገጣጠማል። በየመጋጠሚያው 7 ሚሊ ሜትር የሚወፍሩ ሁለት የጎማ ቀለበቶች ቦይ ውስጥ ይቀመጣሉ። ሞተሩ ሲቀጣጠል ቱቦው በግፊት ይነፋል፣ መጋጠሚያው በቅጽበት ይከፈታል፤ ጎማው እኩል ፈጥኖ ተነፍቶ ክፍተቱን መድፈን አለበት። ጎማ ሲቀዘቅዝ ይህን የመመለስ ኃይሉን ያጣል። ጃንዋሪ 1985 በተደረገ በረራ ጎማው 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሳለ ተተኩሶ፣ ሲፈታ በሁለቱ ቀለበቶች መሐል ጥላሸት ተገኘ። ማለትም የመጀመሪያው ቀለበት አስተላልፏል። የሮኬቱ ሠሪ ኩባንያ መሐንዲስ ሮጀር ቦይስጆሊ ጁላይ 1985 ላይ ይህ ካልተስተካከለ የሰው ሕይወት እንደሚጠፋ ለአለቆቹ በጽሑፍ አስታወቀ።

ጃንዋሪ 27 ቀን 1986 ማታ በስልክ በተደረገ ስብሰባ እሱና ባልደረቦቹ ከ12 ዲግሪ በታች አይተኮስ አሉ። አለቆቹ መሐንዲሶቹን ወደ ጎን ትተው ለብቻቸው ተስማሙ። በማግስቱ 2 ዲግሪ ላይ ተተኮሰ፤ በ73ኛው ሰከንድ ፈነዳ፤ ሰባት ሰው። ቦይስጆሊ ለመርማሪ ኮሚሽኑ ሰነዶቹን አቀረበ፣ መሥሪያ ቤቱ አገለለው፣ ሥራውንም ተወ። ፈቃድ አልፈርምም ያለው የዚያው ኩባንያ መሐንዲስ አለን ማክዶናልድ ከደረጃው ወረደ፤ የተመለሰው ምክር ቤቱ ኩባንያውን ውል አናድስልህም ብሎ ካስፈራራ በኋላ ነው። መጋጠሚያውን እንደገና የነደፈውን ሥራ የመራውም እሱ ሆነ።

አሁን ስልኩን ጠልፈህ ኢሜይሉን አንብበህ የምትጠብቀው ምስጢር የቱ ነው? የጎማው ልኬት? እሱማ በየካታሎጉ አለ። የተደበቀው «ጥላሸት አይተናል» የሚለው ነው።

ነገረ_ፈጅ_ደጀን
ማክሰኞ ማታ 3፡15

ከ@ማኅደር_ቡሬ ቀጥዬ ሕጉን ላስገባ፤ ችግሩ እዚያ ላይ ይታያል።

አገራችን የጠቋሚ ጥበቃ አላት፤ የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003። ማንነትን መደበቅ፣ መኖሪያ ማዛወር፣ ራስን ለመከላከል መሣሪያ እስከመስጠት ይደርሳል፤ ወረቀቱ ሰፊ ነው። መግቢያው ግን ጠባብ ነው። በመሠረቱ የሚሠራው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ላይ ጥቆማ ሲሰጥና በጠቋሚው ላይ ከባድ አደጋ ሲኖር ነው። ጎማ መቀዝቀዙ ወንጀል አይደለም። አለቃ የመሐንዲሱን አስተያየት መናቁም ወንጀል አይደለም። ስለዚህ የኛው ቦይስጆሊ በዚህ በር አይገባም። ሙስና ቢኖርበት፣ ዕቃው ከጥራት በታች ተገዝቶ ገንዘብ ቢበላበት ይገባል፤ የደኅንነት ስጋት ብቻ ከሆነ ውጭ ይቀራል።

ክትትሉን በተመለከተ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የስልክና የደብዳቤ ግላዊነትን ይጠብቃል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 ጠለፋን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይፈቅዳል፤ አስቸኳይ ሲሆን በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ (ዛሬ በፍትሕ ሚኒስትሩ) ፈቃድ ተጀምሮ በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ይቀርባል። አገልግሎት ሰጪው የኮምፒውተር ትራፊክ ዳታውን (ይዘቱን ሳይሆን ማን ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ የሚያሳየውን) ቢያንስ አንድ ዓመት እንዲያስቀምጥም ያዛል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ቆይቶ መጣ፤ የብሔራዊ ደኅንነትን ነገር ግን በብዛት በልዩ ሁኔታ ያልፈዋል።

የቃሉን ነገርም ልብ በሉ። አዋጁ «ጠቋሚ» ይላል። ጎጃም ውስጥ ጠቋሚ ማለት በየዘመኑ ጎረቤቱን ለሹም የሚያሳብቅ፣ ጆሮ ጠቢ ማለት ነበር። ሕጉ ሊጠብቀው የፈለገውን ሰው በሚጠላ ስም ጠራው።

የማማው_ልጅ
ማክሰኞ ማታ 3፡40

@ነገረ_ፈጅ_ደጀን «ትራፊክ ዳታ» ያልከው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የተናገርከው ሳይሰማ፣ ከማን ጋር፣ መቼ፣ ስንት ደቂቃ፣ ከየትኛው ማማ የሚለው ብቻ ሰው ለመለየት ይበቃል። አንድ መሐንዲስ ማታ 4 ሰዓት ላይ ለጋዜጠኛ ሁለት ጊዜ ከደወለ፣ በማግስቱ ወሬው ከወጣ፣ ማንም ይዘቱን መስማት አያስፈልገውም።

ስለዚህ ለሚጠነቀቅ ሰው፦ ቴሌግራም በነባሪው ከጫፍ እስከ ጫፍ (ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው) የተመሰጠረ አይደለም፤ ግሩፕ ጭራሽ እንዲህ አይመሰጠርም። «ሚስጥራዊ ቻት» የሚለውን ለይተህ መክፈት አለብህ። ሲግናል ሁሉንም ይመሰጥራል፤ ቁጥርህን ግን ማየት እንዳይቻል በቅንብሩ ደብቀህ በተጠቃሚ ስም ተገናኝ፣ ሲምህ በመታወቂያህ የተመዘገበ ነውና። ሁለተኛ ማረጋገጫህን በኤስኤምኤስ አታድርግ፣ በማረጋገጫ አፕ አድርገው። ፎቶ ስትልክ ቦታውና ሰዓቱ ፋይሉ ውስጥ ተጽፎ ሊሄድ ይችላል፤ ስክሪን ሾት አንሥተህ እሱን ላክ።

ወረቀት ደኅና ነው ብላችሁም አትዘናጉ። በ2017 አሜሪካ ውስጥ ሪያሊቲ ዊነር አንድ የኤንኤስኤ ዘገባ አትማ በፖስታ ለጋዜጠኞች ላከች። ጋዜጠኞቹ ቅጂውን ለማጣራት ለመንግሥት ሰው አሳዩት። መታጠፉ ታየ፤ ታትሟል ማለት ነው። ማን እንዳተመው ሲታይ ስድስት ሰው፤ ከስድስቱ ከሥራ ኮምፒውተሯ ለዚያው ሚዲያ ኢሜይል የላከችው አንድ። አምስት ዓመት ከሦስት ወር ተፈረደባት። ብዙ የቀለም ሌዘር ፕሪንተሮች ደግሞ ሰዓቱንና መለያ ቁጥሩን የሚናገር በዓይን የማይታይ ቢጫ ነጥብ ገጹ ላይ ይረጫሉ።

ጊዮን_ዳር
ማክሰኞ ማታ 3፡52

ከነሐሴ 2015 በኋላ ሞባይል ዳታ ስንት ወር ጠፍቶ በቆየበት ክልል ሲግናል ትላለህ 🙂

የማማው_ልጅ
ማክሰኞ ማታ 3፡58

ለዚህ መልስ የለኝም። የተዘጋ ኔትወርክ ላይ የሚሠራው በአካል መገናኘት ነው፤ ስልኩን ቤት ትቶ።

ዐሥራ_አንደኛ_ክፍል
ረቡዕ ጠዋት 12፡50

ጋሼ ባለሚዛን፣ ይቅርታ ክርክሩን ላቋርጥ። የሳይንስ ክበባችን የሆነ ነገር መሥራት ይፈልጋል። እሳት የሌለበት። ከየት እንጀምር?

ባለሚዛን
ረቡዕ ከሰዓት 7፡30

ከውሃ ጀምሩ። ማንኛውንም የሚነድ ነገር እንዳትነኩ፤ ፈቃድም፣ መጠለያም፣ የሚያውቅ ሰውም የላችሁም።

ጠርሙሱ የ2 ሊትር የለስላሳ ይሁን። ሃይላንድ የምንለው የውሃ ፕላስቲክ ለጋዝ ስላልተሠራ ይፈነዳል። የተጫረ፣ የታጠፈ፣ ፀሐይ የመታው ይወገድ። ውሃው ከሲሶ አይብለጥ፤ 650 ሚሊ ሊትር ደህና ነው። ግፊቱ 4 ባር። ባሕር ዳር በየማዕዘኑ ብስክሌት ጠጋኝ አለና መለኪያ ያለው ፓምፕና አሮጌ ቫልቭ አይጠፋም። 4 ባር ላይ በ22 ሚሊ ሜትር አፍ የሚወጣው ውሃ ሲጀምር በሰከንድ 28 ሜትር ይከንፋል፣ የሚገፋውም 30 ኪሎ እንደመጫን ነው። ለዚህ ነው ፊታችሁን ከላይ የማታደርጉት። ውሃው በሰከንድ ሽራፊ ውስጥ ያልቃል።

ከመተኮሳችሁ በፊት እያንዳንዱን ጠርሙስ እስከ አፉ ውሃ ሙሉትና 6 ባር ላይ አቆዩት። በውሃ የተሞላ ቢፈነዳ ይቀደዳል እንጂ አይበተንም፤ አየር የተሞላ ከሆነ ግን ስብርባሪው ይወነጨፋል። ከ10 በረራ በኋላ ጣሉት።

ክንፉን ሦስት አድርጉት፤ ከጀሪካን ፕላስቲክ ይቆረጥ፤ ካርቶን ውሃ ይበላዋል። ሱፐር ግሉ አትጠቀሙ፣ ጠርሙሱን ያደርቀውና ይሰነጠቃል። ትኩስ ሙጫም ያቀልጠዋል። ሲሊኮንና ቴፕ ይበቃል። አፍንጫው ላይ ጭቃ ወይም ጠጠር በጨርቅ አድርጋችሁ እሰሩ፤ ባዶውን ሮኬት በሚዛኑ ነጥብ በክር አስራችሁ አናታችሁ ላይ ስታሽከረክሩት አፍንጫው ከቀደመ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ጅራቱ ከቀደመ ወይም ከተንከባለለ ክብደት ጨምሩ። ብዙ ቡድን የሚከሽፈው እዚህ ነው፤ ክንፉን ያሳድጋሉ እንጂ አፍንጫውን አያከብዱም።

መያዣው ውጩ 21 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የግማሽ ኢንች ቱቦ ይሁን፤ ቱቦው ላይ ቦይ ቆርጣችሁ የጎማ ቀለበት አስገቡ። አዎ @ማኅደር_ቡሬ፣ ያው ቀለበት። ማስለቀቂያው ገመድ 10 ሜትር፣ ተመልካች ከዚያም ወደ ኋላ።

ማኅደር_ቡሬ
ረቡዕ ከሰዓት 8፡05

ቀለበቱን ቅባት ቀቡት፤ የደረቀ ጎማ ሲገባ ይቆረጥና 3 ባር ላይ ያፏጫል። ያፏጨውን ደግሞ መዝግቡት፤ ጠርሙስ ቁጥር፣ ግፊት፣ ውሃ፣ ከየት እንዳፏጨ፣ ማን እንደሰማ። ደብተሩን የክበቡ መሪ ብቻ አይያዘው።

ዘብ_አደር
ረቡዕ ከሰዓት 8፡40

እዚህ ላይ እስማማለሁ። ደብተሩ ግን ፌስቡክ ላይ አይውጣ።

ማኅደር_ቡሬ
ረቡዕ ከሰዓት 8፡44

ጋሼ፣ የውሃ ሮኬት ነው እኮ!

ዐሥራ_አንደኛ_ክፍል
ረቡዕ ማታ 1፡20

ምን ያህል እንደወጣ በምን እናውቃለን?

ባለሚዛን
ረቡዕ ማታ 2፡00

ከመተኮሻው 50 ሜትር ራቅ ብሎ አንድ ልጅ ፕሮትራክተር ላይ ክርና ጠጠር አንጠልጥሎ ይቁም፤ ሮኬቱ ጫፍ ሲደርስ ክሩ ከ90 ስንት ዲግሪ እንደራቀ ያንብብ። 45 ዲግሪ ከሆነ 50 ሜትር ነው፣ 35 ከሆነ 35፣ 55 ከሆነ 71፤ የዓይኑን ከፍታ ጨምሩበት። ነፋስ ወደሱ ወይም ከሱ ከገፋው ይሳሳታል፤ ስለዚህ ሌላ ልጅ በተቃራኒው ጎን 50 ሜትር ላይ ይቁምና ሁለቱ ሳይነጋገሩ ይጻፉ።

ዐሥራ_አንደኛ_ክፍል
ረቡዕ ማታ 2፡06

ባይስማሙስ?

ባለሚዛን
ረቡዕ ማታ 2፡11

ሁለቱንም ጻፉ፣ ነፋሱ ከየት እንደነበረም። 50ውን ሜትር ደግሞ በቃጫ ገመድ አትለኩ፤ ሲረጥብ ልኩ ይለወጣል።